ስለ ኢማንና ስለ ጀናዛ ጥቂት የታሪክ ማስታወሻ



በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የሙስሊም አባል ቀብር ለምን እንዲህ ይጣደፋል የሚለው ነው። ጥሩምባው በማለዳ ተነፍቶ እንደሆነ ቀትር ላይ ጀናዛው ከቤት ይወጣል፤ ከሥራው አስፈቅዶ የመጣው አባል ሲደርስ የሚያገኘው ድንኳኑንና ከመቃብር የተመለሱትን ሰዎች ነው። ኋላ የቀሪዎች ስም ሲጠራ ደግሞ መቀጫው ይከተላል። ታዲያ ሰውየው ቢያጉረመርም ምን ይፈረድበታል? «ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ ቢቆይ ምናለ? ሣጥኑስ ለምን ቀረ? አፈሩ ከተመለሰ በኋላስ እዚያው ቆማችሁ የምትጠብቁት ምንድን ነው?» የሚሉንም አሉ።

ጥያቄው የክፋት አይደለም። ላይ ላዩን ሲያዩት የደንብ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ሥሩ የእምነት ነው። ሙስሊም ስለ ሞት የሚያምነው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ቀብሩ ሰዓት መከራከር መሠረቱን ሳያዩ ስለ ጣሪያ እንደመጨቃጨቅ ነው። ስለዚህ እኛ በዚህ እድር ውስጥ የምንገኝ ሙስሊሞች ከአባቶቻችን የሰማነውንና ከኪታብ ያገኘነውን በዚህ ገጽ ልናካፍላችሁ ወደድን። የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል የተፈጸመው እዚሁ በሐበሻ ምድር ነውና ለማናችሁም ባዕድ አይሆንም። የጥንቱን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የቅርቡን በራሳችን አቆጣጠር ጽፈናል።

ኢማን የዐረብኛ ቃል ይሁን እንጂ «እምነት» ከምንለው ከራሳችን ቃል ጋር ከአንድ የሴም ሥር የወጣ ነው። ኢስላም ማለት ደግሞ ለአላህ ትእዛዝ እጅ መስጠት ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ይገኛሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ እንዳስተላለፉት፣ አንድ ቀን ልብሱ ነጭ፣ ጸጉሩ ጥቁር የሆነ፣ የመንገድ ድካም የማይታይበት እንግዳ ሰው መጥቶ ጉልበቱን ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉልበት ጋር አጋጥሞ ተቀመጠና ስለ ኢስላም ጠየቃቸው። እሳቸውም ምስክርነትን፣ ሰላትን፣ ዘካን፣ የረመዳንን ጾምና ሐጅን ነገሩት። ስለ ኢማን ሲጠይቃቸው ግን የመለሱለት በእጅና በእግር የሚሠራ ነገር አይደለም። በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር ማመን ነው አሉት። እንግዳው ከሄደ በኋላ መልአኩ ጂብሪል እንደነበረ ለሶሓቦቹ ገለጹላቸው።

እነዚህ ስድስቱ ናቸው የኢማን ምሰሶዎች የሚባሉት። በመጻሕፍቱ ማመን ሲባል ቁርኣን ብቻ አይደለም፤ ተውራትና ኢንጂልም፣ ማለትም ለሙሳና ለዒሳ የወረዱት፣ ይገኙበታል። በመልእክተኞቹ ማመን ሲባልም እንደዚሁ ኢብራሂም፣ ሙሳ፣ ዒሳ ሁሉም አሉበት፤ ከነሱ አንዱን የካደ ሙስሊም አይባልም። የቀሩት ሁለቱ፣ የመጨረሻው ቀንና ቀደር፣ ከእድራችን ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። ቀደር ማለት በጎውም ክፉውም አስቀድሞ በአላህ ዕውቀት የተወሰነ ነው ማለት ነው። «ቀኑ ደርሶ ነው» እያልን ሁላችንም በለቅሶ ቤት የምንጽናናበት ነገር ነው። ሙስሊም ደረት መድቃትን፣ ፊት መንጨትን የሚከለከለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንባ ግን አልተከለከለም፤ ነቢዩ ራሳቸው ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል።

የመጨረሻው ቀን ነገር በመካ ያስነሣው ጠብ ቀላል አልነበረም። ወሕዩ በ610 ከጀመረ በኋላ የቁረይሽ ሹማምንት የተቃወሙት የአምላክን አንድነት ብቻ አልነበረም፤ ከሞት መነሣት የሚባለውን ነገርም ይሣለቁበት ነበር። ከነሱ አንዱ የበሰበሰ አጥንት ይዞ መጥቶ በእጁ አድቅቆ እፍ ካለው በኋላ ይህን ደግሞ ማን ያስነሣዋል ብሎ እንዳፌዘ ይተረካል። መልሱ በያሲን ሱራ ውስጥ ይገኛል፤ አስቀድሞ የፈጠረ ጌታ ዳግም ማስነሣት አያቅተውም የሚል ሐሳብ ያለው ነው። በለቅሶ ቤታችን ሲቀራ የምትሰሙት ያሲን ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ማመን ዋጋ ያስከፍል ነበር። ከዘር ሐበሻ የሆኑት ባሪያው ቢላል በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ ተንጋለው ደረታቸው ላይ ቋጥኝ ተጭኖባቸው «አሐድ፣ አሐድ» ማለትም «አንድ፣ አንድ» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣቸውም። በኋላ አቡበከር ገዝተው ነጻ አወጧቸው፤ የመጀመሪያውም ሙአዚን ሆኑ። ዐማር የሚባሉት ደግሞ እናታቸው ሱመያ ተገድለው እሳቸው ራሳቸው ሲሠቃዩ በአንደበታቸው ጠላቶቻቸው የፈለጉትን ቃል ተናገሩ። እያለቀሱ ወደ ነቢዩ ሲመጡ የተጠየቁት ልብህን እንዴት አገኘኸው የሚል ነበር። በኢማን የረጋ ነው አሉ። ይህን የመሰለ በግዳጅ የተናገረ ሰው እንደማይወቀስ በቁርኣን ተደነገገ። እንግዲህ ቢላል ያደረጉት ከፍ ያለ ቢሆንም ዐማር ያደረጉት ከኢማን አላስወጣቸውም፤ ቦታው ልብ ነውና።

በ615 ግፉ ሲበዛ ነቢዩ ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ላኩ፤ እዚያ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነግረዋቸው ነበር። መጀመሪያ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች፣ ቀጥሎ ከሰማንያ የሚበልጡ ወንዶች ከሴቶችና ከልጆች ጋር ተሻገሩ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን የተለፋ ቆዳ ገጸ በረከት አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኳቸው። ይህን ሁሉ ያወሩልን በቦታው የነበሩት ሴት ኡሙ ሰለማ ናቸው፤ ኢብኑ ኢስሓቅ የጻፈው ከሳቸው የተላለፈውን ነው።

ንጉሡ ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹ ሲጠሩ የተናገሩት ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ናቸው። ንግግራቸውን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያገኝበታል። እኛ ጣዖት የምናመልክ፣ በክት የምንበላ፣ ዝምድና የምንቆርጥ፣ ጎረቤት የምንበድል፣ ኃይለኛው ደካማውን የሚበላ ሕዝብ ነበርን፤ መልእክተኛው መጥቶ አንድ አላህን እንድናመልክ፣ እውነት እንድንናገር፣ አደራ እንድንጠብቅ፣ ዘመድ እንድንጠይቅ፣ ለጎረቤት መልካም እንድንሆን፣ የየቲም ገንዘብ እንዳንነካ አዘዘን፤ እኛም አመንነው፤ የሚል ይዘት ያለው ንግግር ነው። ስለ እምነታቸው ተጠይቀው ጎረቤትን ሁለት ጊዜ አነሡ፤ አንዴ በበደሉ፣ አንዴ በበጎው። እምነት በደረቁ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ስለ ጎረቤት ባልወራ ነበር።

ንጉሡ ከመጽሐፋቸው እንዲያነቡለት ሲጠይቅ ጃዕፈር የመርየምን ሱራ መግቢያ፣ የዘከሪያንና የየሕያን፣ የመርየምንና የዒሳን ልደት የሚናገረውን ቀሩ። ንጉሡም ጳጳሶቹም አለቀሱ ይባላል። በማግሥቱ ዐምር ሌላ ዘዴ ዘየደ፤ ስለ ዒሳ ክፉ ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ያ ቀን ለስደተኞቹ ጭንቅ ነበር። ማለባበስ ይችሉ ነበር፤ ግን እንደሚያምኑት ለመናገር ተስማሙ። ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የጣለው ቃሉና ከርሱ የሆነ መንፈስ ነው አሉ። ይህ ከክርስቲያኑ እምነት ጋር አንድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ያኔም ግልጽ ነበር፤ ሹማምንቱ እንዳጉረመረሙ ተጽፏል። ንጉሡ ግን ገጸ በረከቱን መልሶ ስደተኞቹ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደ።

በዚያ ስደት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይወራ ነገርም አለ። ከስደተኞቹ አንዱ ዑበይደላህ ኢብኑ ጀሕሽ ሐበሻ ምድር ላይ ክርስቲያን ሆኖ እዚሁ ሞተ። ሚስቱ ኡሙ ሐቢባ ግን በእምነታቸው ጸኑ፤ ኋላም ነቢዩ ሲያጯቸው ወኪል ሆኖ ያጋባቸውና ጥሎሹን አራት መቶ ዲናር የከፈለው ራሱ ነጃሺ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጎጆ ሆነው እምነታቸው ተለያየ፤ በእኛ ሰፈርም ያልታየ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጃዕፈር ባለቤት ወደ አስማእ ቢንት ዑመይስ እንምጣ፤ የእድር ሰው ሊያውቃቸው የሚገባ ሴት ናቸው። ሐበሻ ምድር ብዙ ዓመት ኖረው ልጆች የወለዱት እዚሁ ነው። በ628 በመርከብ ወደ መዲና ተመለሱ። በ629 ጃዕፈር በሙእታ ጦርነት ላይ ሁለት እጃቸው ተቆርጦ ወደቁ። ነቢዩ መርዶውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመጡ አስማእ ሊጥ አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ዘይት ቀብተው ነበር። ነቢዩ ልጆቹን አቅፈው ሲያለቅሱ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ያዘዙት ትእዛዝ አለ፤ የጃዕፈር ቤተሰብ ሐዘን ስላጠመዳቸው ሌላው ሰው ምግብ ይሥራላቸው የሚል ነው። በለቅሶ ቤት እሳት የሚያነድደው ጎረቤት እንጂ ባለ ሐዘኑ አይደለም የሚለው የሙስሊሞች ሥርዓት ከዚህ የመጣ ነው። ሴቶቻችን ድስትና ትሪ ከእድሩ ዕቃ ቤት አውጥተው ወደ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ለአስማእ የተደረገውን እያደረጉ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቃሬዛ ነው። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ በ632 ሊሞቱ ሲሉ፣ ሴት ስትሞት በጨርቅ ብቻ ተሸፍና ስትወሰድ ቅርጿ መታየቱ እንደሚከብዳቸው ለአስማእ ነገሯቸው። አስማእም ሐበሻ ምድር ያዩትን ላሳይዎ ብለው እርጥብ ዝንጣፊ አስመጥተው በቃሬዛው ላይ እንደ ጎጆ አጉብጠው ልብስ ጣሉበት። ፋጢማም ደስ አላቸው፤ በዚያው ተሸኙ ተብሎ ይተረካል። የሙስሊም ሴት ጀናዛ ሲያልፍ በላዩ የምታዩት የጎበጠ ሽፋን መነሻው ከዚሁ ከአገራችን ነው እንግዲህ። ሰው ስለዚህ ነገር ያለማውራቱ ይገርመናል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም የሚበልጠው ነው። በ630፣ በሂጅራ 9ኛው ዓመት፣ ነጃሺ ሞተ። ነቢዩ በሞተበት ዕለት ለሰዎቻቸው መርዶውን ነግረው ወደ መስገጃው ሜዳ ወጡ፤ በረድፍ አሰልፈው አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱበት። በቀይ ባሕር ማዶ ለሞተ ሰው፣ አስከሬኑ ፊታቸው ሳይኖር ነው። ነጃሺ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም በሚለው ላይ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ትውፊት አይገጥምም። ሙስሊሙ አስሐማ ብሎ ይጠራዋል፤ በሌላ በኩል ከአክሱሙ ንጉሥ ከአርማሕ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ያን ክርክር እዚህ አንከፍተውም። ለእኛ የሚበቃን መዲና ያለው ሕዝብ ለሐበሻው ንጉሥ ቆሞ መሸኘቱ ነው። የሻፊዒና የሐንበሊ ሊቃውንት በሩቅ ለሞተ ሰው መስገድ ይቻላል ሲሉ ማስረጃቸው ይህ ነው፤ የሐነፊና የማሊኪ ሊቃውንት ደግሞ ለነጃሺ ብቻ የተለየ ነበር ይላሉ። ባሕር ማዶ የሞተ ልጅ ሬሳው ሳይመጣ በሰፈራችን መስጊድ ሲሰገድበት ያየ አባል ካለ ነገሩ ይኸው ነው። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለው የነጋሽ መስጊድ፣ የንጉሡና የስደተኞቹ መቃብር ያለበት ተብሎ የሚከበረው፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል።

ከነቢዩ ዘመን በኋላ ስለ ኢማን የተነሣው ትልቁ ክርክር ራሱ ከቀብር ጋር የተያያዘ ነበር። በ657 ከሲፊን ጦርነት በኋላ ኸዋሪጅ የተባሉት ተገንጥለው ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ከእምነት ወጥቷል አሉ። ወጥቷል ማለት እንግዲህ አይሰገድበትም፣ ከሙስሊም መቃብር አይቀበርም፣ ወራሹም አይወርሰውም ማለት ነው። በበስራ ከተማ በሐሰን አልበስሪ ጉባኤ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ዋሲል ኢብኑ ዐጧእ አማኝም አይደለም፣ ከሐዲም አይደለም፣ በሁለቱ መካከል ነው ብሎ ከጉባኤው ገለል አለ፤ ሙዕተዚላ የሚባሉት ስማቸው ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። የኩፋው አቡ ሐኒፋ (በ767 ያረፉት) ኢማን በልብ ማጽደቅና በአንደበት መመስከር ነው፣ ሥራ ከርሱ የተለየ ነው አሉ። ሻፊዒና አሕመድ ኢብኑ ሐንበል ኢማን ቃልም ሥራም ነው፣ በመታዘዝ ይጨምራል፣ በኃጢአት ይቀንሳል አሉ። ክርክሩ ረጅም ነው፤ ኪታቡም ብዙ ነው። በአንድ ነገር ግን አራቱም መዝሀቦች ተስማምተዋል፤ ኃጢአተኛ ሙስሊም ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። «እገሌ ሰካራም ነበር፣ ለምን ትሰግዱበታላችሁ?» ብሎ ለጠየቀን ወጣት መልሳችን ይህ ነው። የልቡን የሚያውቀው አላህ ነው።

ነቢዩ ጀናዛ ሲመጣላቸው ይጠይቁ የነበረው ስለ ዕዳ ነው። ዕዳ ኖሮበት የሚከፍልለት ከሌለ እናንተ ስገዱበት ይሉ ነበር፤ አንድ ጊዜ አቡ ቀታዳ የሟቹን ዕዳ እኔ ልክፈል ካሉ በኋላ ነው የሰገዱት። ኋላ ግምጃ ቤቱ ሲሞላ ዕዳውን ራሳቸው ይከፍሉ ጀመር። ጀናዛው ከመነሣቱ በፊት ዘመድ ቆሞ «ዕዳ ያለው ይንገረን» የሚለው ለዚህ ነው እንጂ ለወግ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ጥድፊያው የነቢዩ ትእዛዝ ነው፤ ሟቹ ደግ እንደሆነ ወደ ተዘጋጀለት መልካም ነገር ታደርሱታላችሁ፣ ካልሆነም ሸክሙን ከትከሻችሁ ታወርዳላችሁ በሚል ሐሳብ ነው። በመጨረሻው ቀን ለሚያምን ሰው ሞት መድረሻ ሳይሆን መነሻ ነውና ተጓዡን መንገድ ላይ አያቆመውም። ወንድ በሦስት፣ ሴት በአምስት ነጭ ጨርቅ ትከፈናለች፤ ሀብታሙም ድኻውም በዚያው ነው። መሬቱ ውሃ የሚያቁር ወይም የሚናድ ካልሆነ በቀር ሣጥን የለም፤ በቀኝ ጎኑ ፊቱ ወደ ቂብላ ሆኖ አፈር ላይ ይተኛል። ሰላቱ በቁም ብቻ ነው፤ ሩኩዕም ሱጁድም የለበትም፤ የሚሰገደው ለአላህ እንጂ ለሬሳው እንዳይመስል። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ የምንቆመው ደግሞ ሁለቱ መላእክት ጌታህ ማነው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ነቢይህ ማነው ብለው የሚጠይቁት በዚያች ሰዓት ነው ብለን ስለምናምን ነው። መልሱን አጽናለት እያልን ዱዓ እናደርጋለን። ከቅጽበት ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ታገሡን።

ይህ ሁሉ ፈርድ ኪፋያ ይባላል። ጥቂቶች ከፈጸሙት ሌላው ከግዴታው ነጻ ይሆናል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን ያወቀው ሁሉ ይጠየቅበታል። እድር የሚባለው ነገር ሲነገረን ቶሎ የገባን ለዚህ ይሆናል። ክርስቲያን አባሎቻችን ድንኳን ተክለው፣ ቃሬዛውን ተሸክመው፣ ሰላቱ ሲሰገድ ከበስተኋላ በዝምታ ሲቆሙ አይተናል። እኛም ፍታት ሲደረግ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመን እንጠብቃለን። ነቢዩ የአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነሥተው ቆሙ፤ አይሁዳዊ እኮ ነው ሲሏቸው እርሱስ ነፍስ አይደለምን ብለው እንደጠየቁ ተዘግቧል።

ይህን ለማወቅ ድሮ ዐረብኛ መማር ግድ ነበር። የወሎ ዑለማዎች በአማርኛ መንዙማ ሕዝቡን ባያስተምሩ ኖሮ ብዙዎቻችን ስድስቱን ምሰሶ እንኳ ባልቆጠርን ነበር። የአማርኛው ቁርኣን የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል፤ በ1967 ዓ.ም. ዒዶቹና መውሊድ የአገር በዓል ሆኑ።

ስለ መቀጫው ለኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ ይኸው ነው። ሙስሊም አባል ሲሞት ጥሩምባው ከመነፋቱ ጋር ጀናዛው የሚሰገድበት መስጊድና ሰዓቱ በስልክም ጭምር ይነገር። ከሥራ ሊደርስ ያልቻለ አባል ደግሞ በዚያው ዕለት እስከ ማታ ድረስ ለቅሶ ቤት ተገኝቶ ከፈረመ ቀሪ አይባል። ዳኛውና ጸሐፊው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ይዘውታል፤ በዕለቱ ተገኝታችሁ ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን።